የአይጥ መድኃኒት

«የአይጥ መድኃኒት ነው ለካ ስትውጪ የኖርሽው!» አሉ እትዬ ሸዋወርቅ፣ ብልቃጡን ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ውስጥ እየገለበጡ።

«እማማ! በእመብርሃን! እሱ ከሌለ እወድቃለሁ!» ምራታቸው ተሻለች ክንዳቸውን ስትይዝ ነጫጮቹ ክኒኖች አንድ ሳይቀሩ ገብተው ነበር።

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ። መጋረጃ ጨርቅ ነው፣ ግንብ አይደለም።»

መስማትስ ሰምተዋል፤ ግን ግማሹን። ጠዋት ክሊኒክ ዶክተር ቀነዓ ተሻለችን እንዲህ ብለዋት ነበር፦ «ይሄ ለሚጥል በሽታሽ የምትወስጂው መድኃኒት ለእርጉዝ አይጦች ተሰጥቶ ተሞክሯል። አንዳንዶቹ ልጆቻቸው ጎደሎ ሆነው ተወለዱ። ይህ ቢጫው፣ ፎሊክ አሲድ የሚባለው ቫይታሚን ሲጨመር ጉዳቱ የቀነሰበት ሙከራ አለ፤ ምንም ያልለወጠበትም አለ። አይጥ ደግሞ ሰው አይደለም። የመጀመሪያ ልጅሽ በዚህ ነው የሞተው ብዬ አልምልም። ቢጫውን ከማርገዝሽ በፊት ብትጀምሪው ነበር ደጉ፤ አሁንም ጨምሪው። ነጩን ግን አደራ፣ እንዳታቋርጪ።»

ከመጋረጃው ወዲያ በእትዬ ሸዋወርቅ ጆሮ የገባው «አይጥ» እና «መድኃኒት» ብቻ ነው። ናዝሬት ገበያ ደግሞ ሁለቱ ቃላት አንድ ላይ ሲመጡ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠው መርዝ ማለት ነው። ምን ይፈረድባቸዋል? አምና ጀርባው ተከፍቶ የተወለደውን የልጅ ልጃቸውን ክርስትና ሳይነሳ ቀብረዋል። አባቱ፣ አንድ ልጃቸው አብተው፣ ሰሜን ግንባር ዘምቶ ድምፁ ከጠፋ ሰነበተ። ያላቸው ይህ የተሻለች ሆድ ነው።

ተሻለች ቢጫውን ብቻ እየዋጠች ከረመች። ክሊኒክ ተመልሳ ነጩን መለመን ትችል ነበር። እውነቱን ለመናገር እሷም ፈርታለች፤ የአይጦቹ ነገር ከልቧ አልወጣም። ሆዷን እየዳበሰች «አንተስ ጀርባህ ደህና ነው?» ትላለች፣ ሰው እንዳይሰማት ቀስ ብላ።

አንድ ቀን በምትሠራበት የልብስ ሰፊዎች ማኅበር የሚሊሺያ ሱሪ ስትተኩስ ወደቀች። የከሰሉ ካውያ ቀኝ እጇ ላይ ተገለበጠ።

«እንዳትነኳት፣ ይጋባል!» አለ አንዱ።

«ክብሪት ጭራችሁ አሽቷት!» አለ ሌላው።

ክብሪት ሲፈለግ ፍሙ ሥራውን ይሠራ ነበር። አብራት የምትሰፋው ጫልቱ ናት «ኧረ ሰው አይደለችም እንዴ!» ብላ ካውያውን በእግሯ የገፋችላት።

ሆስፒታል ስትነቃ ፅንሱ እንዳልወረደ ነገሯት። ዶክተር ቀነዓ መጥተው እጇን አዩና አንገታቸውን ደፉ፤ እነዚያ ጣቶች ከእንግዲህ መቀስ አይዙም። ስለ ልጁ ስትጠይቃቸው «ሲወለድ ነው የምናየው» አሉ። ሁለቱንም ዓይነት ክኒን ኮሞዲኖው ላይ አስቀምጠውላት ሄዱ።

እትዬ ሸዋወርቅ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብለዋል።

«እኔ ነኝ ያቃጠልኩሽ፣ ልጄ።»

ተሻለች አይዞዎት አላለቻቸውም። ተናዳለች፤ እጇም ያንገበግባታል።

«ነጩን ያጉርሱኝ።»

«ልጁን ቢጎዳውስ?»

«አላውቅም። ሐኪሙም አያውቁም።»

«እኔ እንዴት አድርጌ በገዛ እጄ . . .»

«በእጅዎ ነው እንጂ። ጉድጓድ የጨመረውስ የማን እጅ ነው?»

አሮጊቷ አማተቡ። ነጩን ክኒን አንስተው ምላሷ ላይ አኖሩላት፣ ቀጥለው ቢጫውን። ውሃውን ሲያስጠጧት ጥቂቱ አንገቷ ላይ ፈሰሰ። ዋጠች።

«ነገም እርስዎ ነዎት የሚሰጡኝ» አለች። «እስክወልድ ድረስ።»

ግራ እጇ ምንም አልሆነም ነበር። ከብርድ ልብሱ ሥር አላወጣችውም።