የጋሼ ኅሩይ ባለ እግር ቤት

ራኬብ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ መኪናዋን አቁማ ስትወርድ ልቧ ከእሷ ቀድሞ ጋሼ ኅሩይ የቀጠሯት የሐበሻ ሬስቶራንት ገብቷል። አስራ አንድ ዓመት በሌሎች መሐንዲሶች ስም ስትሠራ ኖራ፣ በራሷ ስም የምትሠራው የመጀመሪያው ቤት ይኸው ነው። የቀረው የጋሼ ኅሩይ ፊርማ ብቻ። ጋሼ ኅሩይ ጡረታ ወጥተው ኦክስናርድ ከተማ የባሕሩ ዳርቻ ላይ ቦታ ገዝተዋል፤ እሷ ደግሞ ማዕበል ሲመጣ ውሃው ከሥር እንዲያልፍ ብላ በንድፏ ቤቱን በአስራ ሁለት ምሰሶ ላይ ሦስት ሜትር ሰቅላዋለች። ሁልጊዜ «አንተ» የምትላቸውን ሰውዬ ዛሬ ለፊርማው ስትል «አንቱ» ልትላቸው ነው።

«ከሥሩ ምን አለ?» አሉ ጋሼ ኅሩይ፣ ከባለቤታቸው ከእትዬ ምንትዋብ ጎን ተቀምጠው፣ ራኬብ ከእንጨት የሠራችውን ትንሽ ሞዴል እያገላበጡ።

«ምንም። ክፍት ነው፣ ጋሼ።»

«እና ንፋሱ እንደልቡ ሊገባ ነው? እኔ በዚህ ዕድሜዬ ንፋስ ላይ ልተኛ? ዝጊልኝ፤ አለዚያ የሚዘጋ ኮንትራክተር አላጣም።»

ራኬብ ሞዴሉን ባዶ ትሪ ላይ አቁማ ከጆጉ ውሃ ለቀቀችበት፤ ውሃው በምሰሶዎቹ መሃል ሹልክ ብሎ አለፈ።

«አሁን ይዝጉትና ይሞክሩ» አለቻቸው።

ጋሼም እልህ ይዟቸው የቤቱን ሥር በስኳር ፓኬት ዙሪያውን ግጥም አድርገው ዘጉና ውሃውን ራሳቸው ደፉት። ውሃው ስኳሩንም ቤቱንም ጠራርጎ የእትዬ ምንትዋብ ሽሮ ላይ ጣለው። የጎረቤት ጠረጴዛ ሳይቀር በሳቅ ፈረሰ። ጋሼም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ እስክሪብቶውን ግን አላነሱም።

«ንፋሱስ?» አሉ።

እትዬ ምንትዋብ ቤቱን ከሽሮው አውጥተው ጠራረጉት፤ ከዚያ ጎንበስ ብለው ሥሩን ሲያዩ ቆዩ። «ራኪዬ፣ እዚህ ሥር ስንት ወንበር ይገባል?»

ራኬብ የማዕበሉንም የንፋሱንም ጉልበት አስልታለች፤ ወንበር ግን አልቆጠረችም። «መቶ ሃምሳ» አለች እየፈራች።

«ድንኳን ነዋ ታዲያ! ለማኅበሩ፣ ለልደቱ፣ ለልጃችን ለሮሐ ሠርግ፣ ከእንግዲህ አዳራሽ ልለምን ነው?»

የጋሼ ኅሩይ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ራኬብ የሚጠሩትን ሰው እየቆጠሩ መሆኑ ገባት። ጋሼ ፈረሙ፤ ፈርመውም ወረቀቱን አልለቀቁም።

«አንድ ነገር ብቻ» አሉ ኮስተር ብለው። «ሦስት ሜትር አይበቃም። ሙሽራውን ትከሻ ላይ አውጥተው ሲያዘልሉት የቤቱ ወለል ጭንቅላቱን ይመታዋል። አንድ ሜትር ጨምሪበት።»