ስለ ወይዘሮ አፀደ የተጻፈው አሳይመንት

ዲና ክፋት የሚባል ነገር አታውቅም። ይህን አስቀድሞ መናገር ደግ ነው፤ ያደረገችውን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈርደው በእሷ ላይ ነውና።

ኢምፔሪያል አካባቢ፣ ከታች ፋርማሲና የሞባይል ሱቅ ባለበት ሕንፃ ላይ በሚገኝ የግል ኮሌጅ የማኔጅመንት ተማሪ ናት፤ የመጨረሻ ዓመት። ወንድወሰን ከገቡበት ቀን ጀምሮ አጠገቧ የሚቀመጥ ጓደኛዋ ነው። ሰኔ ላይ አብረው ሊመረቁ፣ ጋውኑን እንኳ የት እንደሚከራዩ ተማክረው ጨርሰዋል። ታዲያ ግንቦት ላይ የወንድወሰን እናት፣ አትክልት ነጋዴዋ ወይዘሮ አፀደ፣ በድንገት አረፉ።

የኢንተርፕረነርሺፕ መምህራቸው ቲቸር ኤርሳዶ፣ «በቅርብ የምታውቁትን አንድ ነጋዴ መርጣችሁ ከእሱ የተማራችሁትን ጻፉ» የሚል አሳይመንት ሰጥቶ ነበር። ኤርሳዶ ኤአይን እንደ ሰይጣን ከሚያማትቡበት መምህራን ወገን አይደለም። «እንግሊዝኛችሁን ያቃናላችሁ፤ ሰውየውን ግን እናንተ አምጡ» ይላል። በአማርኛ አስበው በእንግሊዝኛ ለሚያምጡ ልጆች ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ነገር ግን ሰውየውን ከኤአይ ያመጣ ዜሮ ያገኛል፤ በቀኑ ያላስገባም ኮርሱን ይደግማል። ኮርስ የደገመ ሰኔ ላይ አይመረቅም።

ማስረከቢያው ቀን ሲደርስ ዲና ሳሊተ ምሕረት፣ እነወንድወሰን ደጅ በተተከለው ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ነበረች። ወንድወሰን አጠገቧ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። በዚህ ሰዓት ስለ ትምህርት ማንሳት ነውር መሰላት። ዝም ብላ ጓደኛዋ ሲወድቅ ማየትም አልሆነላትም። ስለዚህ ስልኳን በሻሿ ሸፍና፣ እናቱ አትክልት ትነግድ ስለነበረች ልጅ ልብ የሚነካ ጽሑፍ እንዲያዘጋጅላት ኤአዩን ጠየቀችው።

ከኋላዋ የተቀመጡት የሰፈር ሴቶች እንባቸውን እየጠረጉ ስለ ሟቿ ያወራሉ። ወይዘሮ አፀደ ቲማቲም እየጨመቀ የሚመርጥ ደንበኛ ሲመጣባቸው ምን እያሉ ልክ ልኩን እንደሚነግሩት አንዷ ስታወጋ፣ ሌሎቹ ሳቅ አምልጧቸው አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ዲና አልሰማቻቸውም። ስክሪኑ ላይ የሚንቆረቆረውን እንግሊዝኛ እያነበበች ነበር፤ እውነትም የሚያምር እንግሊዝኛ ነው። የወንድወሰንን ስም ጽፋ በቴሌግራም ለመምህሩ ላከችው።

«አሳይመንቱ ገብቶልሃል፤ አታስብ» አለችው በጆሮው።

«ተባረኪ» አላት። ምን አሳይመንት እንደሆነ እንኳ አልጠየቀም።

ወንድወሰን ጥቁር ለብሶ ክፍል የተመለሰ ቀን፣ ቲቸር ኤርሳዶ ላፕቶፑን ከፍቶ ደስ ብሎት ጠበቀው። «ከሁሉም የበለጠው የእሱ ነው። ከልብ ሲጻፍ እንዲህ ነው!» አለና እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰ ያነብ ጀመር። «እናቴ በየማለዳው ፈገግ ብላ፣ በለስላሳ ድምጿ፣ ልጄ ሆይ፣ ደንበኛ ንጉሥ ነው ትለኝ ነበር...» ኤርሳዶ ራሱ ባለፈው ዓመት ሆሳዕና ሄዶ እናቱን የቀበረ ሰው ነው። ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ዲና ግን ዓይኗን ከደብተሯ አላነሳችም።

«ወንድወሰን፣ እስቲ ስለ እናትህ ትንሽ ጨምርልን።»

ተነሳ። «አዎ፣ እንዲህ ነበረች» ብሎ ቢቀመጥ ነገሩ በዚያው ያልፋል፤ ይመረቃል። ዲናም ጌታ ሆይ እንዲህ ይበል እያለች በልቧ ትጸልያለች።

«ይቺን ሴትዮ አላውቃትም፣ ቲቸር» አለ።

«የቷን?»

«ያነበቧትን። የእኔ እናት ድምጿ ለስላሳ አልነበረም። ስትናገር እታች ሰፈር ድረስ ይሰማ ነበር። ልጄ ሆይ ብላኝም አታውቅም።»

ዲና ብድግ አለች። «እኔ ነኝ በኤአይ ያስጻፍኩት። እሱ አላየውም፤ ለቅሶ ላይ ነበር።»

ቲቸር ኤርሳዶ አፈረ። ላልነበረች ሴት ሊያለቅስ ምን ቀረው? ያፈረ መምህር ደግሞ ይቆጣል። «ያንቺም ተሰርዟል፤ ኮርሱን ትደግሚያለሽ» አላት። ወደ ወንድወሰን ሲዞር ግን ቁጣው በረደ። «አንተ እስከ ዓርብ ራስህ ጻፍ። በአማርኛም ቢሆን እቀበላለሁ። ብቻ እናትህን...» ብሎ ቃሉን ዋጠው።

ሲወጡ ሁለቱም ኢምፔሪያል ታክሲ ወረፋ ላይ ቆሙ። ዲና ለመመረቂያዋ እያዘነች ነው ማለት ሐሰት ይሆናል። የምትፈራው የጓደኛዋን ዝምታ ነበር።

«ይቅርታ አድርግልኝ፣ ወንዴ።»

«ስለ ምኑ? በውጤት ከሆነ ያንቺው ነው የተበላሸው።» ከዚያ ወደ መንገዱ እያየ ቀጠለ። «ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ነበርሽ እኮ፣ ዲና። ሰው ሁሉ እግዚአብሔር ያጽናህ እያለኝ ያልፋል። እሷ እንዴት ያለች ሰው ነበረች ብሎ የሚጠይቀኝ ብቻ ባገኝ፣ ስንት የማወራው ነበረኝ መሰለሽ። አንቺ ስልክሽን ጠየቅሽ።»

ዲና አለቀሰች። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እሷ ያፈሰሰችው ግን የሚለቀምም አልመሰላት። እንደምንም ድምፅ አውጥታ፣ «አሁን ስለ እሷ ብጠይቅህስ?» አለችው።

የሲኤምሲ ታክሲ መጣ። ረዳቱ «ሳሊተ ምሕረት! ሳሊተ ምሕረት!» እያለ በሩን ከፈተ። ወንድወሰን እግሩን ሊያነሳ ሲል ቆም ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም።

«አሁንማ እናቴም አሳይመንት ሆነች» አለና ገባ።