አንድ ክንድ የጎደለው ጠርዝ

አራት ሰዎች ረጅሙን እንጨት በትከሻቸው ተሸክመው በዱዮንግ መንደር ጠባብ መንገድ ሲመጡ ዶሮዎቹ ግራና ቀኝ ተበተኑ። እንጨቱ መሀሉ ላይ እየረገበ ስለሚወዛወዝ ዘንዶ የያዙ ይመስሉ ነበር። ሮስናኒ ብሎን የሞላ ቆርቆሮ ታቅፋ ከኋላ ከኋላ ትከተላለች።

"ቀስ በሉ! እንደ አራስ ልጅ ያዙት እንጂ!"

አባቷ ዴራማን የቤቱ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ትምባሆውን ይጠቀልል ነበር። ቀና ብሎ አላየም። ትምባሆው ግን ከወረቀቱ ላይ ወገቡ ላይ ወዳገለደመው ሳሮንግ ሲፈስ፣ ሚስቱ ሜክ ሶም በመስኮት አየችው።

"አባ፣ እንጨቱ መጣ" አለች ሮስናኒ።

"ይምጣ። እንጨት ምን ኃጢአት አለበት?"

ነገሩ እንዲህ ነው። ዴራማን አርባ ዓመት የእንጨት ጀልባ የሠራ ሰው ነው፤ ያለ ንድፍ፣ ያለ ሜትር፣ በዓይኑና በመዳፉ። ከዛሬ አሥራ ስምንት ዓመት በፊት ታዲያ ጀልባ ያዘዘው ሰው ሥራው እኩሌታ ላይ ሲደርስ ሐሳቡን ለወጠና ሄዶ የፋይበርግላስ ጀልባ ገዛ። ዴራማን በዚያው ቀን፣ ሻይ ቤቱ በሰው ጢም ብሎ ሳለ፣ ብድግ አለና "ወላሂ! ይህ እግሬ ፕላስቲክ ጀልባ አይረግጥም!" ብሎ ማለ። ያን ጊዜ መሐላው ቀላል ነበር፤ ወንዙ በእንጨት ጀልባ የተሞላ ነበርና። ዓመት ዓመትን ሲተካ ግን የእንጨት ጀልባዎቹ አንድ በአንድ አለቁ። እነሆ ያ ጀልባ ሠሪ ባሕር ላይ ከወጣ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ካፓስ ደሴት የእኅቱ ልጅ ስትዳር እንኳ፣ ሠርገኛው በጀልባ ሲሄድ እሱ ከዳር ቆሞ እጁን አውለበለበ።

አሁን ደግሞ የገዛ ልጁ ከአንድ ያረጀ ፈረንጅ ላይ ባለ ሸራ ጀልባ ገዛች። ጀልባዋ ከሮስናኒ በዕድሜ ትበልጣለች፤ አካሏ ፋይበርግላስ ነው፣ ጌጧ ሁሉ ግን ቲክ የሚባል እንጨት ነው፦ ዙሪያውን የሚከባት ጠርዝ፣ የእጅ መያዣው፣ የበሩ ክፈፍ፣ መቀመጫው። እንጨቱ ፀሐይና ጨው ተፈራርቀውበት እንደ አመድ ነጥቷል። ሮስናኒ ያሰበችው እንግዶችን ወደ ደሴቶቹ እያመላለሰች ለመኖር ነው። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ትፈልጋለች። የኅዳሩ ነፋስ ማዕበል አምጥቶ የወንዙን አፍ ሳይዘጋው በመጀመሪያው ጉዞዋ አባቷ ከመሪው አጠገብ እንዲቀመጥላት። ይህንኑ ነግራው ነበር።

"እንጨቱን አምጪው፤ እኔን ተዪኝ" ነበር መልሱ።

በማግስቱ ሥራ ጀመረ። ከጀልባዋ አንድ ጎን የተነቀለውን ያን ረጅም ጠርዝ በሁለት ረጃጅም ወንበሮች ላይ አጋድሞ የሞተውን ቫርኒሽ በመፋቂያ ያነሳ ገባ። ግራጫው ሲላጥ ከሥሩ የማር መልክ ያለው እንጨት ብቅ አለ፤ ጓሮውም አዲስ ቆዳ አዲስ ቆዳ ሸተተ። ዴራማን በዕድሜው ሙሉ ያገላበጠው ቼንጋልን ነበር፤ እሱ መጋዝ የሚያደክም፣ መሮ የሚያዶለዱም እንጨት ነው። ቲኩ ግን ከመላጊያው ሥር እንደ ቅቤ እየተጠቀለለ ወጣ። ልጅ ሳለ ይዘፍነው የነበረውን የጀልባ መግፊያ ዜማ ሲያንጎራጉር ሜክ ሶም ሰማችው፤ ሰምታም ዝም አለች፤ ብትናገር እንደሚያቆም ታውቃለችና።

ዝም የማይለው ቼ ሙዳ ነው። ቼ ሙዳ ድሮ ዴራማን በሠራቸው ጀልባዎች ላይ ስንጥቅ ይደፍን ነበር። አሁን ሁለት ጥርስና የማያልቅ ወሬ ቀርቶታል።

"ዴራማን፣ ሙሽራዋን ንቀህ ሐብሏን ታጥባለህ አሉ?"

"ሐብሉ ሐብል ነው። ያጠለቀችው ግን ባልዲ ናት።"

"ባልዲዋ የልጅህ ናት እኮ!"

"ባልዲ የሌለው ቤት አለ?" አለና ዴራማን መላጊያውን ገፋ።

የጠርዙ የኋላ ጫፍ በስብሶ፣ ሲነቀል እዚያው ጀልባዋ ላይ ፍርክስክስ ብሎ ቀርቶ ነበር። አዲስ ቁራጭ ሊቀጠልለት ግድ ሆነ። ለዚያ ደግሞ ልክ ያስፈልጋል።

"አባ፣ አንዴ ጀልባዋ ላይ ወጣ ብለህ ብትለካው?" አለች ሮስናኒ።

"ይህ ዓይን አርባ ዓመት ለክቷል።"

ከሰዓት በኋላ፣ ሰው ጋደም በሚልበት ሰዓት፣ ወደ ወንዙ ዳር ብቻውን ወረደ። ጀልባዋ በደጋፊ ግንዶች ተይዛ አሸዋው ላይ ቆማለች። ዴራማን የሚናከስ ውሻ እንደሚሸሽ ሰው ሦስት እርምጃ ራቅ ብሎ፣ ከአፍንጫዋ ትይዩ እስከ ጭራዋ ትይዩ ገመዱን አሸዋው ላይ ወጥሮ ቋጠሮ ቋጠረበት። ሳይነካት ተመለሰ። በዚያ ቋጠሮ ልክ ቁራጩን ቀጠለ፣ የተረፈውንም በመጋዝ አነሳ።

የመግጠሚያው ዕለት ጠዋት ግማሹ መንደር ተሰበሰበ። ስድስት ሰዎች ጠርዙን ከጀልባዋ ጎን እያስጠጉ አጎበጡት፤ ሮስናኒ ላይ ሆና ከጀልባዋ አፍንጫ ጀምራ ብሎኑን ታጠብቃለች፤ ዴራማን ከታች አሸዋው ላይ ቆሞ እንደ ጦር አዛዥ ይጮኻል።

"ሳቡ! እንዳትለቁ! እሷ ናት ወደ እንጨቱ የምትመጣው? እናንተ ሂዱ እንጂ!"

እንጨቱ የጀልባዋን ሆድ ታክኮ እየዞረ ወደ ኋላ ደረሰ። ደረሰና አለቀ። ከጫፉ እስከ ጀልባዋ ጭራ ድረስ አንድ ክንድ ሙሉ ባዶ ቀረ።

ከዚያ ቼ ሙዳ ጉሮሮውን ጠረገ።

"እንጨቱስ አልጎደለም። እሷ ናት የወፈረችው። ስትለካት ጾም ላይ ነበረች!"

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ዴራማን ጆሮው ድረስ ቀላ። ወዲያው ነው የገባው። የተወጠረ ገመድ ሆድ አያውቅም። ለስንቱ ተለማማጅ "ጀልባ የሚለካው ታቅፎ ነው" እያለ ሲመክር ኖሮ፣ ይህችን ግን እንዳይነካት ብሎ በሩቁ ለካት።

ሮስናኒ አልሳቀችም። ከላይ ጎንበስ ብላ፣ "ግድ የለም አባ" አለች፤ ከልቧ ልታጽናናው ነበር። "ከተማ ነጭ የፕላስቲክ ጠርዝ አለ። ክፍተቷን በዚያ እሸፍናታለሁ። ማን ያያታል?"

"ፕላስቲክ?" አለ ዴራማን። "በእኔ እንጨት ጫፍ ላይ?"

"ታዲያ ምን ይሁን?"

ምን መሆን እንዳለበት እሱ ያውቃል። የጠርዙንና የአዲስ ቁራጭ እንጨትን ጫፍ በረጅሙ በሰያፍ ቆርጦ አንዱን ባንዱ ላይ ማስተኛት ነው። ጠርዙ አንዴ ከተገጠመ ደግሞ ሰያፉ በቤት አይቆረጥም፤ እንጨቱ ጎብጦ በታሰረበት፣ ዓይን ከእንጨቱ ጋር በአንድ ከፍታ ሆኖ ነው የሚቆረጠው። ጀልባዋ ላይ ወደተደገፈው መሰላል ሄደ። የመጀመሪያውን እርከን ጨበጠና ቆመ።

ሜክ ሶም ሻይ ይዛ ከኋላው ደርሳ ነበር። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "አንተ ሰውዬ፣ መሐላም እኮ በር አለው። አሥር ድሆች ትመግባለህ፣ ያበቃል" አለችው።

"አውቃለሁ።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ከማልኩበት ማግስት። ኢማሙ ነግረውኛል።"

ሜክ ሶም ሻዩ ሊደፋባት ምንም አልቀራት። "ታዲያ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ይዞህ ነው?"

ዴራማን የመሰላሉን እንጨት በአውራ ጣቱ ደባበሰ። "እዚያ ላይ ሥራ አልነበረኝማ። ሥራ የሌለው ሰው የሰው ጀልባ ላይ ወጥቶ ምን ሊሆን ነው? ሻንጣ?"

ሮስናኒ ሰማች። ተንበርክካ እጇን ወደ ታች ዘረጋችለት።

"አሁን አለህ፣ አባ። የአንድ ክንድ ሥራ።"

ጫማውን አወለቀ። እጇን ሳይዝ፣ ግን እጇ ባለበት በኩል ወጣ። ፕላስቲኩ ከእግሩ ሥር ሞቅ ያለ ነበር፤ ሌላ ምንም አልሆነም። ሁለት እርምጃ ሄደና ቆመ። ዓይኑ በበሩ ክፈፍ ላይ ተተከለ።

"ይህን በር ማነው የሰቀለው?"

"ፈረንጁ ይመስለኛል።"

"ባልንጀራ አልነበረውም እንዴ የሚመክረው? ያን መቀመጫስ ተመልከቺው! የብሎኖቹ የእንጨት ክዳን መስመር ከእንጨቱ መስመር ጋር ተጣልቷል፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ! የአንድ ክንድ ሥራ ትለኛለች! እዚህ የወር ሥራ አለ! ሙዳ! መሮዬን አቀብለኝ!"

"ከባልዲው ላይ የጠራኝ ማነው?" አለ ቼ ሙዳ፤ መሮውን ግን አቀበለ።

የወሩን ሥራ በሦስት ቀን ጨረሱት። መጋጠሚያው ጥፍር እንኳ የማይደናቀፍበት ልስልስ ሆነ። የቲኩ ቅባት ቫርኒሹን እንዳይተፋው ዴራማን እንጨቱን ሁሉ በአልኮል በተነከረ ጨርቅ ወለወለው፤ ቀቢዋ ሮስናኒ ሆነች፣ እሱ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጦ ትንኝ አባረረ። ቫርኒሹ እስኪደርቅ ድረስ በወንዙ ዳር ማስነጠስ የተከለከለ ነበር።

ሐሙስ ዕለት፣ የባሕሩ ሙላት ጀልባዋን ከማንሳቱ በፊት፣ ሜክ ሶም በኮኮናት ወተት የበሰለውን ሩዝና የቱና ወጡን ወንዙ ዳር አቀረበች። አሥር ድሆች ይፈለጋሉ። ችግሩ ድሃ መጥፋቱ ሳይሆን መብዛቱ ነበር።

"እኔ አንደኛ ነኝ" አለ ቼ ሙዳ፣ አስቀድሞ ተቀምጦ።

"አንተ ሁለት ፍየል የለህም?"

"አንዷ ታማለች!"

"ሌላዋስ?"

"እሷን እያስታመመች ነው!"

ኢማሙ ሳቃቸውን በጢማቸው ውስጥ ደብቀው አሥሩን እውነተኛ ድሆች ለይተው ከፊት አስቀመጡ፤ ቼ ሙዳ ከእነሱ አልተቆጠረም። ሜክ ሶም ግን ለሠላሳ ሰው ስለቀቀለች እሱም ሁለት ሳህን በላ።

የባሕሩ ውኃ ሞልቶ መጣ። ጀልባዋ ከግንዶቹ ላይ ተንቀሳቀሰች፣ ወዲህና ወዲያ አለች፣ ከዚያም በውኃው ላይ ቀለል ብላ ቆመች። ጠርዙ ከአፍንጫ እስከ ጭራ በፀሐይ እንደ ማር ያበራል። ሮስናኒ አባቷን ለመጥራት ዞር አለች፤ ከቆመበት አጣችው። እሱ ሳሮንጉን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ በውኃው ውስጥ ተራምዶ፣ ወጥቶ፣ ከመሪው አጠገብ ተቀምጧል።

"ምን ትጠብቂያለሽ? የወንዙ አፍ እስኪዘጋ ነው?"

ሮስናኒ እየሳቀች ሸራውን ልትፈታ ሮጠች። ሜክ ሶም የተረፈውን ሩዝ በቅጠል ቋጥራ ወጣች። ከኋላዋ ቼ ሙዳ አንድ እግሩን አንስቶ ሊወጣ ሲል የዴራማን ጩኸት ባለበት አደረቀው።

"ሙዳ! እግርህን! አሸዋውን ታጥበህ ውጣ! የምትረግጠው ቲክ መሆኑ አይታይህም?"