ድመቷ የነዘረቻቸው ሽማግሌ

ጀዊሪያ ከጎብዬ ወደ ቆቦ የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጣለች። ብርድ ልብሱን ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛለች፤ ተናዳለች። እንዴት አትናደድ!

ትናንት የፈሪድ ሽማግሌዎች እሷን ለጋብቻ ሊጠይቁ ቤታቸው መጥተው ነበር። እናቷ ኡሙሰልማ፣ ለክብራቸው ብላ፣ ፈሪድ በስጦታ የላከውን ባለ ጸጉር ብርድ ልብስ መደቡ ላይ አነጠፈችላቸው። ድመቷም እላዩ ላይ ስትንከባለል ቆየች። የፈሪድ አጎት በድረዲን አጠገቧ ተቀመጡና ጀርባዋን ዳበስ ቢያደርጉ፣ ጣ! እጃቸውን ነዘራቸው።

«አዑዙ ቢላሂ! ይሄ ቤት ጂን አለበት!» ብለው ተነሱ። ሌሎቹም ተከትለዋቸው ወጡ።

ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ገበያ ገባ። ኡሙሰልማ ተከናንባ ተኛች። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? የእነሱ ስም በቁም ተቀበረ!

ጀዊሪያን ያንገበገባት ግን ሽማግሌው አይደሉም፤ እሳቸው የማያውቁት ነገር ገጥሟቸው ደነገጡ። ፈሪድ ግን ያውቃል! እነዚህን ብርድ ልብሶች የሚሸጠው እሱ ነው። አምና ሱቁ ሄዳ እጇን ሲጨብጣት ነዝሯት ስትጮህ፣ «አይዞሽ፣ ብርድ ልብሱ ነው። በጋ ሲሆንና አየሩ ሲደርቅ እንዲህ ያደርጋል» ብሎ የሳቀው ማን ሆነና?

ሱቁ ደረሰች። ሁለት ሴቶች ዕቃ ይመርጣሉ።

«ለአጎትህ ነገርካቸው?» አለችው፣ ሰላምታም የለ።

«ቀስ በይ እንጂ ጀዊ» አለ ፈሪድ በሹክሹክታ። «ብርድ ልብሱ ነው ብል ማን ይገዛኛል? ለጊዜው ድመቷን አስወግዱ። ወሬው ሲበርድ ሽማግሌዎቹን መልሼ እልካለሁ።»

«አሃ! የእኛ ቤት የጂን ቤት ይባል፣ ያንተ ዕቃ ይሸጥ!»

ብርድ ልብሱን ዘረጋችና ከናይለን ሻሿ ጋር እሽት እሽት አድርጋ ጣቷን ወደ እጁ ሰደደች። ጣ! ፈሪድ ዘለለ።

«ውይ፣ ምን ነካው?» አለች አንደኛዋ ሴት።

«ጂን ነው!» አለች ጀዊሪያ ድምጿን ከፍ አድርጋ። «ይሄ ሱቅ ጂን አለበት!»

«ኧረ ጂን አይደለም!» ብሎ ጮኸ ፈሪድ። «ብርድ ልብሱ ነው! ወላሂ ብርድ ልብሱ ነው! በበጋ ሁሉም እንዲህ ነው!»

ጉድ እኮ ነው! ለሱቁ ሲሆን አንደበቱ ተፈታ። ለእሷ ቤት ግን ይቺ አንዲት ቃል ከብዳው ነበር። ጀዊሪያ ብርድ ልብሱን ደረቱ ላይ ወርውራ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ድመቷ በር ላይ ተኝታለች። ኡሙሰልማ ከተከናነበችበት ቀና ብላ፣ «ምን አለሽ?» አለቻት።

«ድመቷን አስወግዱ አለኝ።»

«እና?»

«እሱን አስወገድኩት፣ እማ።»

ኡሙሰልማ ልጇን ትክ ብላ አየቻት። ከዚያ ጋቢዋን ገፋ አድርጋ ተነሳችና ለድመቷ ወተት ቀዳችላት።