የኤስፔራንቶው ሊቀመንበር

ማኅተም ቀራጩ በሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንድ ክፍል ውስጥ ወንበሮቹን ለሦስተኛ ጊዜ ያንቀሳቅሳል። መጀመሪያ በረድፍ ደረደራቸው፤ የሐኪም ቤት ወረፋ መሰለበት። ክብ አደረጋቸው፤ ባልና ሚስት ሊያስታርቁ የተሰበሰቡ መሰለው። አሁን ደግሞ ግማሽ ክብ እየሞከረ ነው።

«አረፍ በል እንጂ ሊቀመንበር፤ ወለሉን ጨረስከው» አለች ሚስቱ። ከሆስፒታል ተረኝነቷ ወጥታ በቀጥታ ነው የመጣችው፤ ጫማዋን አውልቃ እግሯን አንዱ ወንበር ላይ ሰቅላለች።

ሊቀመንበር የምትለው ስታሾፍበት ነው። ሰውየው የኤስፔራንቶ ማኅበር ለማቋቋም ባሰበ በሳምንቱ፣ አንድም አባል ሳይኖር፣ ክብ ማኅተም ቀርጾ ጨርሶ ነበር። የሙያ ነገር ሆኖበት፣ ማኅተም የሌለው ነገር ያለ አይመስለውም።

ኤስፔራንቶ የሚባለውን ሰው ሠራሽ ቋንቋ ዘጠኝ ዓመት ተምሮታል። የማንም አገር ያልሆነ፣ ስለዚህም ማንም በማንም ላይ የማይኮራበት ቋንቋ መሆኑ ነው ልቡን የወሰደው። ደንበኛ በሌለበት ሰዓት ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ መጽሐፉን ያጠናል፤ በሦስት አገር ካሉ ሰዎች ጋር ይጻጻፋል። በየግድግዳው የለጠፈው ማስታወቂያ ላይም አስተማሪው ራሱ እንደሆነ በትልቁ ጽፏል። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ዛሬ አምስት ሰው ከመጣለት ክፍሉን በየቅዳሜው ልትሰጠው ቃል ገብታለች።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ማንም የለም። ወደ በሩ ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሁለት እህትማማች ልብስ ሰፊዎች መጡ፤ አንድ ጡረተኛ የሂሳብ መምህርም ተከተሏቸው። ቀጥሎ የመጣው ታክሲ ነጂ የቋንቋው አገር የት እንደሆነ ጠየቀ። አገር እንደሌለው ሲነገረው ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ቪዛ አይጠይቁማ» ብሎ ተቀመጠ። አራት ሆኑ። ማኅተም ቀራጩ አላስችል ብሎት ሚስቱን እንደ አምስተኛ አባል እንድትቆጠር ሲለምናት በሩ ተንኳኳ።

የገባችው ሴት የመድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋለች። አየችውና ፈገግ ብላ በኤስፔራንቶ ተናገረች፤ ፈጠን ያለ፣ እንደ ልብ የሚወርድ ንግግር ነበር።

አንድም ቃል አልገባውም። ዘጠኝ ዓመት በዓይኑ አነበበው፣ በእጁ ጻፈው እንጂ ከሰው አፍ ሰምቶት አያውቅም። ስልኩ ላይ ማዳመጡንም ዛሬ ነገ ሲል ከረመ። የሚያናግረው ስላልነበረ የራሱን ድምፅ እንኳ አልሞከረም።

«አዎ» አለ በዚያው ቋንቋ፣ ራሱን እየነቀነቀ።

ሴትየዋ ጠጋ ብላ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአማርኛ «ስንት ዓመት እንደተማሩ ነበር የጠየቅኩዎት» አለችው። ሌላ ነገር ሳትጨምር ሄዳ ከኋላ ተቀመጠች። ልታዋርደው እንዳልፈለገች ገብቶታል፤ ደግነቷ ግን የባሰ አቃጠለው።

«እስቲ ሁለታችሁ አውሩና እንስማው ጋሼ» አለ ታክሲ ነጂው። «አነጋገሩን አይተን ነው የምንመዘገበው።»

ሁሉም ቀና ብለው ጠበቁ። ጉሮሮዬን አሞኛል ሊል ይችላል። ሰሌዳው ላይ እየጻፈ ቀኑን ሊያሳልፍም ይችላል፤ ከሴትየዋ በቀር ማንም አያውቅበትም፣ እሷም እንደማትናገር እርግጠኛ ነው። ማርከሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፣ ክዳኑን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። ሚስቱን ዞር ብሎ አያት፤ እግሯን ከወንበሩ አውርዳለች፤ አትስቅም። በጣም አፈረ። ከማፈሩም በላይ ግን በሴትየዋ ቀንቷል፤ እንደሷ መናገር አማረው።

«እኔ መጻፍ ነው የምችለው» አለ። «መናገር አልችልም። እሳቸው ቢያስተምሩን ነው የሚሻለው።»

እህትማማቾቹ ተያዩ። ጡረተኛው መምህር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እሱ ማርከሩን ወስዶ ለሴትየዋ ሰጣትና ታክሲ ነጂው አጠገብ ካለው ወንበር ተቀመጠ። ኪሶቹን ዳበሰ፤ ሊያስተምር ስለመጣ ደብተር አልያዘም።

«ወንድሜ» አለው፣ «ከደብተርህ አንድ ወረቀት ገንጥልልኝ።»