ማርሳቢት ደርሰን መጣን

ልጄ አክሊሉ ብሔራዊ ውትድርናውን ሸሽቶ ኬንያ ከገባ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ደብዳቤው በሰው በሰው ይደርሰን ነበር፤ ከዚያ ቀረ። ስድስት ወር ጠበቅኩ። ባሌ ብዙነህ አስተማሪ ነው፣ ነገር ሁሉ በትዕግሥት ይፈታል ባይ ነው። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለተማርኩ ይሆናል፣ ትዕግሥት የሚባለው ነገር አልገባኝም። ሆሳዕና ገበያ ቅቤዬን ሸጬ የመንገዱን አዘጋጀሁና፣ አንተ ካልሄድክ ጵርስቅላን ይዤ እሄዳለሁ አልኩት። ጵርስቅላ ሴቷ ልጃችን ናት፣ ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። አንዴ ካልኩ እንደማልመለስ ስለሚያውቅ አብሮን ተነሣ።

ቀበሌ ሄደን ሞያሌ ያለች እህቴ ታማለች ብለን ይለፍ አወጣን። እህት የለኝም። ለልጄ ስል ዋሸሁ፣ ዛሬም ቢሆን እዋሻለሁ። በእንሰት ቅጠል የጠቀለልኩት ቆጮና አንድ ጣሳ ቅቤ ይዣለሁ። ከአክሊሉ በፊት ማንም አይቀምሳትም ብዬ ጵርስቅላን እንኳ ከለከልኩ።

ሞያሌ አንዱ ከተማ ለሁለት መንግሥት የተከፈለ ነው። በገበያ ቀን የአገሩ ሰው ወዲያና ወዲህ ይላል። ያደርንበት ቤት ባለቤት ለአንዲት ወተት ሻጭ ቦረና አስረከበን። ረጅም ናት፣ ትንባሆ ታኝካለች። ከላይ እስከ ታች አየችንና በዚያች በገበያ በለቀምኳት ኦሮምኛዬ እንደገባኝ፣ ይሄ ጫማችሁ ያሳስራችኋል አለች። ጫማችንን አስወልቃ ከረጢት ውስጥ ከተተች። ለጵርስቅላ የወተት ዕቃ አሸከመቻት፣ ለብዙነህ የፍየል ገመድ አስያዘችው። ፍየሏ አልሄድ ብላ ስትጎትተው የእኔና የጵርስቅላ ሳቅ ሊያጋልጠን ነበር። ወታደሩ እነዚህ እነማን ናቸው ሲላት እሷ መሳደብ ጀመረች፤ ምን እንዳለችው አላውቅም፣ ብቻ መንገዱን ለቀቀላት። ወዲያ ማዶ ስንደርስ ገንዘብ ብሰጣት እጄን መታችኝ። ፍየሏን ግን ከብዙነህ ተቀብላ፣ "ጎበዝ እረኛ ነህ፣ ነገም ና" አለችው።

ከዚያ በከብት መኪና ነው። ሹፌሩ ጢሙን በሂና ያቀላ ሱማሌ ነው፣ በባዶ እግሩ ይነዳል፣ አጠገቡ ዶሮ ተቀምጣለች። ሚስቴ ናት፣ እንዳትቀመጪባት አለኝ። አማርኛውን የለመደው ድሬዳዋ ነው። ብዙነህና ጵርስቅላ ላይ ከፍየሎቹ ጋር ተጫኑ፣ እኔ ጋቢና ገባሁ። ዘፈን አያቋርጥም፤ በረሃው ቢያልቅ ዘፈኑ የሚያልቅ አይመስልም። ወደ ማን እንደምንሄድ ጠየቀኝ። ማርሳቢት፣ ወልደኪዳን የሚባል ያገራችን ሰው ሻይ ቤት አለው፣ ልጄ እዚያ ነው የሚሠራው፣ አክሊሉ ይባላል፣ ረጅም ነው፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው አልኩት።

ዘፈኑን አቆመ። ዶሮዋን አንሥቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠና ቦታ ለቀቀልኝ። ማርሳቢት ስንደርስ ሒሳብ ልክፈል ስለው ፊቱን አዞረ። ለጵርስቅላ፣ አየሽ፣ የሰው አገር ሰው ከእኛ ይሻላል አልኳት።

ማርሳቢት ተራራ ላይ ናት። ከዚያ ሁሉ ድንጋይ በኋላ ጉምና ለምለም መሬት ሳይ በክረምት ያገራችን ሌሞ መሰለኝ፤ ልጄ እዚህ አይከፋውም አልኩ። ወልደኪዳን ጎንደሬ ነው፣ የቀድሞ ሃምሳ አለቃ። የሴት ሹራብ ለብሶ ከላዩ ክራቫት አስሯል። ማን እንደሆንኩ ስነግረው ይዞት የነበረውን ማንቆርቆሪያ መሬት ላይ አስቀመጠና እግሬ ላይ ወደቀ። እኔ ላነሣው እሱ ሊያስቀምጠኝ ስንታገል ቆየን።

"አክሊሉ የታለ?" አልኩት።

"ፈረንጆች ወሰዱት፣ እናቴ። ካናዳ የሚባል አገር ነው። አራት ወር ሆነው።"

"ምን ብሎ ሄደ?"

ማንቆርቆሪያውን መልሶ አነሣ። "ደህና ነኝ በሉልኝ ብሏል።"

እንዲህ ያለ ደስታ ከዚያ በፊት አላውቅም። ማልቀስም መሳቅም አቃተኝና ዘመርኩ። ሆሳዕና ጸሎት ቤታችን ከተዘጋ ወዲህ ድምፄን ከፍ አድርጌ ዘምሬ አላውቅም፤ እዚያ ማን ይከለክለኛል። ብዙነህ መጀመሪያ አጠገቤ ነበር፣ ወልደኪዳን ውኃ ላሳይህ ብሎ በጓሮ ይዞት ወጣ። ሲመለስ ፊቱን ታጥቧል። ዓይንህ ምን ሆነ ብለው የበረሃው አቧራ ነው አለኝ።

ያገራችን ልጆች ከየሥራቸው ተጠራርተው መጡ፣ ስድስት ናቸው። ልጄ ካልበላው እናንተ ብሉለት ብዬ ቆጮውን ፈታሁ፣ ቅቤውን አቀለጥኩ፣ በእጄ አጎረስኳቸው። ከእኛው አካባቢ፣ ከቦኖሻ የመጣ አንድ ልጅ ነበር፤ ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ወጥቶ ሄደ። ሌሎቹም እንባቸው እየወረደ ነበር የሚበሉት። ያገራቸው ምግብ ናፍቋቸው ነው ብዬ ደግሜ አጎረስኳቸው። ሌሊቱን የአክሊሉ አልጋ ላይ ተኛሁ።

በማግሥቱ እንሂድ አለ ብዙነህ። ሁለት ቀን ልቆይ አልኩ፣ ልጄ የኖረበትን ልይ። ጭራሽ ተቆጥቶኝ የማያውቅ ሰው ተቆጣኝ። ስንሄድ ሁሉም አንድ በአንድ ጉልበቴን ሳሙ። ያው ቀይ ጢም ሹፌር ነው የመለሰን፤ ዶሮዋም አለች፣ ዘፈን ግን የለም።

ሆሳዕና ሐሙስ አመሻሽ ገባን፤ ብዙነህ እግሩን እንኳ ሳይታጠብ ወንድሜ ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ወጣ። ዓርብ ገና ሳይነጋ በር ተንኳኳ። ወንድሜ አሳምነው ነው፤ ከኋላው ጎረቤታችን ወርቅዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች፣ ግቢው ሞልቷል። በእኛ አገር ሰው ሲሞት ለወላጅ መንገድ ላይ አይነገርም፤ በገዛ ቤቱ፣ በማለዳ፣ ዘመድ ከብቦት ነው የሚረዳው። ስለዚህ ገና አንድም ሰው አፉን ሳይከፍት አወቅኩ። ወርቅዬና ወንድሜ ግራና ቀኝ ያዙኝ። አክሊሉን ወባ ገድሎት አራት ወር ሆኖታል።

ማርሳቢት ያሉት ሁሉ ያውቁ ነበር። ሹፌሩም ያውቅ ነበር። እናት በሰው አገር አትረዳም ብለው፣ ዋሽተው፣ አክብረው፣ ቤቴ ድረስ ሸኙኝ። አልቀየምኳቸውም። ልጄን አጥበው የቀበሩት እነሱ ናቸው።

ከብዙነህ ጋር የተነጋገርነው ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ነው።

"የት ነው ያለው?" አልኩት።

"ከሻይ ቤቱ ጓሮ፣ ከፍ ብሎ። ስትዘምሪ እዚያ ቆሜ እሰማሽ ነበር።"

"እና ዝም አልክ።"

"ዘመድ በሌለበት ማን ይይዝሻል? ደግሞ... አልመለስም ትያለሽ ብዬ ፈራሁ።"

"አልመለስም ነበር" አልኩት።

ዋሽቼ አላጽናናውም። የልጄ አፈር ላይ እጄን ሳላሳርፍ፣ አንድ ቀን እንኳ አጠገቡ ሳልውል የምመለስ ሰው አይደለሁም። ያንን ያውቃል፣ ለዚያ ነው የቸኮለው። ሚስቱን ይዞ ለመመለስ ሲል ልጄን ሳልሰናበት አስቀረኝ።

ለሁለተኛ ጊዜ ይለፍ ብጠይቅ ቀበሌው ከለከለኝ። ልቅሶው ምስጢራችንን አውጥቶት ነበር፤ ያልታሰርነው ብዙነህ ሊቀ መንበሩን ፊደል ያስቆጠረው በመሆኑ ነው። ከዚያ በኋላ መንገድ ለእኔ ተዘጋ።

አልተለያየንም። እራቱን አቀርብለታለሁ፣ ልብሱን አጥባለሁ። አንዳንድ ማለዳ ግን ከአልጋ ሳንወርድ እጠይቀዋለሁ፦ መቃብሩ ላይ ድንጋይ አለ? ዛፍ አለው? ራሱ ወደየት ነው? መጀመሪያ ሰሞን ትልቅ ግራር አለ፣ ድንጋዩ ነጭ ነው ይለኝ ነበር። ባለፈው ስጠይቀው ድንጋዩ ጥቁር ነው አለኝ። ዛፉስ ብለው ጣሪያውን አየ።

እየረሳው ነው።