የሰኞ ውሃ

ኦዴሮ የክሊኒኩን በር በእርግጫ ገነጠለው። ጉልበተኛ ሁሉ መጀመሪያ የሚመታው በሩን ነው፤ በር መልሶ አይማታማ! አዋላጇ አዶንጎ ቀና ሳትል የሕፃኑን የጉሉኮስ መርፌ በፕላስተር አሰረች። ልጁ ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ፣ ሙሉ ሆኖ ነበር የተወለደው፤ ግን ሰውነቱ ዝልፍልፍ ብሎ በትኩሳት ይነዳል።

"የእንግዴ ልጃችንን አምጪ!" ኦዴሮ የያዘውን ገጀራ ጠረጴዛው ላይ ሰካ። "ለማን ልትሸጪው ነው?"

"ከልጅህ ጋር ሆስፒታል ይሄዳል። ሐኪሞቹ መርምረውት ነው መድኃኒቱን የሚመርጡት።"

በዚያ የሐይቅ ዳር አገር፣ ሰው አገሬ የሚለው የእንግዴ ልጁ የተቀበረበትን ደጅ ነው። ያልተቀበረለት ወንድ መሬት ሲጠይቅ ይሳቅበታል። አዶንጎ ይህን አሳምራ ታውቃለች፤ የዚያው አገር ልጅ ናት። ግን የእንግዴ ልጁ የተከደነበትን ባልዲ ብትሰጠው ልጁ በግምት ሊታከም ነው። ለግምት ደግሞ ጊዜ የለውም።

ኦዴሮ በጥፊ አጮላት። ባልዲውን ሊነጥቃት ሲጎትት እጁን ነከሰችው። ገጀራውን ነቅሎ ሲሰነዝር በክንዷ መከተች፤ ደሟ ግድግዳው ላይ ተረጨ፣ ባልዲው ተገለበጠ።

የበሰበሰ ዓሣ ዓይነት ሽታ ቤቱን ሞላው። ቀይ መሆን የነበረበት ሥጋ መግል ለብሷል።

"ይኸውልህ! እናቱ ሆድ ውስጥ ሳለ ነው ያመረቀዘው" አለች አዶንጎ። "የእንሽርት ውሃው ዛሬ ንጋት ፈሰሰ አላላችሁኝም? ይሄ የአንድ ጠዋት ሥራ አይደለም!"

አራሷ አኬሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በሩ ላይ የቆመችው አማቷ ንያጊሎ ግን ወደ አዶንጎ ቀረበች።

"ሰኞ ነው የፈሰሰው" አለች። ቀኑ ረቡዕ ነበር። "ክሊኒክ ከወለደች የእንግዴ ልጁን ያስቀሩብናል፣ እደጃችን ይወለድ ብዬ... ዝም በይ አልኳት።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!" አለች አዶንጎ።

ኦዴሮ ገጀራውን ይዞ ወደ እናቱ ዞረ። አዶንጎ ደሟን እያንጠባጠበች መሃል ገባች።

"እሷን ስትቆራርጥ ልጅህ ይሞታል! እቀፈው! ጉሉኮሱን ከፍ አርገህ ያዝ፣ የክሊኒኩ መኪና ውጭ ቆሟል!"

ገጀራው ከእጁ ወደቀ። አዶንጎ ከእንግዴ ልጁ መዳፍ የሚያህል ቆርጣ በብልቃጥ አደረገች፤ የቀረውን ለንያጊሎ ሰጠቻት።

ኦዴሮ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ እበሩ ሲደርስ ቆመ።

"እማዬ፣ ሂጂ ደጃችን ላይ ቆፍሪ" አለ። "ጉድጓዱን ጠባብ አርጊው። ለልጄ እንዳይበቃ።"